የጋሽ ደምሰው ሻቶ

አንድን ነገር ከልክ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የዴንቨር ጎረቤት የኦሮራ ከተማ ድርሻ ክቡር ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ሊቅ። ራሳቸው ከግማሽ ብርጭቆ ካለፉ ጨጓራቸው ይነሣል።

ዕውቀቱን ያገኙት ከሥራቸው ነው። ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋሉ። አንድ ቀን በረዶ በረራ ሲያዘገይ፣ ሻቶ ቤልሞራን በሚባል የወይን እርሻ አርባ ዓመት የሠሩ ፈረንሳዊ ሽማግሌ አምስት ሰዓት ሙሉ አጫወቷቸው። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ሆነ ክርስትና፣ "ይኼማ ወይን አይባልም፤ ቤልሞራን ማለት..." ሳይባል የሚከፈት ጠርሙስ የለም። ልጃቸው ሄራን ታሪኩን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ አፍራበታለችም።

ዛሬ ግን ፈራች። የእጮኛዋ የማቲ ቤተሰቦች ጴንጤ ናቸው፤ አልኮል በደጃቸው አያልፍም። ሽማግሌ ልከዋል።

"አባዬ፣ ፕሊስ፣ ስለ ወይን አንዲት ቃል እንዳታወራ። ሰካራም ይሉሃል።"

"እኔን? በግማሽ ብርጭቆ የምታመመውን?"

"አባዬ!"

"እሺ እናቴ፣ ድዳ ነኝ።"

ሆኑም። ሦስቱ ሽማግሌዎች መልስ ሳያገኙ ላለመቀመጥ፣ እንደ ወጉ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን" አሉ። ጋሽ ደምሰው ምንጣፉን እያዩ "ሰምቻለሁ" አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ባሕሩ ወደ ጓደኛቸው ዘንበል ብለው "ሰውየው አልወደዱንም መሰለኝ፤ እንሂድ" ሲሉ ሄራን ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሰማች። በበሩ ስንጥቅ አባቷን አየች፤ እንዲህ አንሰው አያውቁም። ወጉን ጥሳ ወጣች።

"አባዬ፣ ስለ ቤልሞራኗ ሴትዮ ንገራቸው።"

ቀና አሉ። "ልንገራቸው?"

"ንገራቸው።"

ጀመሩ። ወይኑ እህል የማያበቅል ጠጠር ላይ መተከሉን፤ አንድ የካቲት ውርጭ ሁሉንም ማቃጠሉን፤ ባሏ የሞተባት ባለቤት እንደገና ተክላ፣ "እስኪጣፍጥ የሻቶው ስም አይጻፍበትም" ብላ አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቋን።

"ወይኑም እሷን ነው። መጀመሪያ ምላስ ይይዛል፣ ፊት አይሰጥም። የታገሠው ብቻ ያውቀዋል።"

አቶ ባሕሩ ሳይታወቃቸው ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። "አሥራ ሁለት ዓመት በምን ኖረች?"

"ጎመን እየሸጠች።"

"ሽንኩርት ነው አባዬ" አለች ሄራን፤ ራሷም ደነገጠች። "ጎመኑ የጎረቤቷ ነው።"

ጋሽ ደምሰው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ከዚያስ?" አሉ አቶ ባሕሩ።

"የቀረውን እሷ ትንገራችሁ። ከእንግዲህ የእናንተም ልጅ ናት።"