የክቡር ተማሪ ዳበሳ ቀይ ቀለም

የአሶሳ ማንጎ በሙሉ ሊቆረጥ ነው ተባለ። የሚያስቆርጠውም ክቡር ተማሪ ዳበሳ ነው፤ በየግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የሚጽፈው ለዚሁ ነው፤ ሥራው በዶላር ይከፈለዋል፤ መቶ ዛፍ ሲሞላለት ደግሞ ከባሕር ማዶ ያለው ትምህርት ቤቱ በአውሮፕላን ይወስደውና በዚያው ይቀራል ተባለ።

ከራሷ ማንጎ ሥር ሻይ የምትሸጠው አስረሳሽ ወሬውን አላመነችም። አንድ ዲግሪ ለመጨረስ አራት ዓመት የፈጀበት ሰው የአሶሳን ማንጎ በየትኛው ዕድሜው ይጨርሰዋል? አለችና ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች። ብርጭቆ ሲታጠብ ግን ሐሳብ ይመጣል። በዚህ አገር ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ነገር ቦታው ላይ ከርሞ አያውቅም። አጥር ላይ ከተጻፈ አጥሩ ይነሣል፤ ቤት ላይ ከተጻፈ ቤቱ። ማንጎው ከሄደ ደግሞ ሻይ ቤቷም ሄደ፤ ጣሪያውም ግድግዳውም እሱው ነውና።

መቼም ጎልማሳ ተማሪ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ታውቁታላችሁ፦ ፀጉሩ ሲሸብት ደብተር የሚገዛ፣ ልጁ ፈተና ስትቀመጥ ከእሷ ብሶ የሚንቀጠቀጥ። ዳበሳ የዚህ ነገድ ንጉሥ ነው። ክልሉ ራሱ ገና ጎረምሳ በነበረበት፣ ኢንተርኔትም ወደ አሶሳ መጥቶ ሳይቀመጥ በሚመለስበት በዚያ ዘመን፣ በኢንተርኔት ጂአይኤስ በሚሉት የካርታ ትምህርት ዲግሪ እይዛለሁ ብሎ ተነሣ። “ምድርን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው” ይላል ሲጠየቅ። ሳይጠየቅም ይላል።

ኔትወርክ ከከተማው ሁሉ የሚሻለው ከአስረሳሽ ማንጎ ሥር ነው፤ ያውም አግዳሚው ላይ ወጥተው ሲቆሙ። ስለዚህ ደንበኞቿ ሻያቸውን የሚጠጡት ከዳበሳ ጫማ አጠገብ ነው። አንዱ ተሳስቶ “ባምባሲ ሩቅ ነው” ካለ ከላይ ድምፅ ይወርዳል፦

“ቁጥሩን ስጠኝ፤ ሌላው ወሬ ነው!”

አምና ለወንድሙ ልጅ ለቢቂላ ሚስት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲነሡ “መንገዱን ለእኔ ተዉት” አለ። ጂፒኤሱን ጨብጦ “በቀጥታ አንድ ነጥብ ሁለት ኪሎ ሜትር” እያለ መራቸው። ቀጥታው በረግረግ ያልፍ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ አጥር ዘለው፣ ከዶሮዎቹ ጋር በጓሮ ገቡ። የልጅቷ አባት አየት አደረጓቸውና “ልጄን ልትጠይቁ ነው ወይስ ልትሰርቁ?” አሉ። ልጅቷ እንደ ምንም ተሰጠች።

የማንጎው ጣጣ የመጣው በመጨረሻው የትምህርት ሥራ ነው። መምህርቷ “የከተማህ ሰው ቦታ እንዴት እንደሚያገኝ በካርታ አሳይ” ብላ አዘዘችው። ቀነ ገደቡ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት፤ ካለፈ አራቱ ዓመት ውኃ በላው። ዳበሳ የመንገድ ስም ሊጠይቅ ወጣ። ያገኘው ሁሉ “ከማንጎው አለፍ ብለህ” አለው። “የትኛው ማንጎ?” ሲል “ከዚያኛው ማንጎ መለስ ብሎ ያለው።” ሦስት ቀን ዞሮ ገባው፤ የአሶሳ አድራሻ ማንጎ ነው! መቶ ማንጎ ልመዝግብ ብሎ ቀለም ቢፈልግ፣ የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ የተረፈው ቀይ ብቻ ነበር።

ወሬው እንደ ተነዛ የአስረሳሽ ጎረቤት ዐፊፋ የማንጎዋን ቁጥር በጭቃ መረገችው። ነጋዴው ዓብዱልቃድር ጀለቢያውን የራሱ ማንጎ ግንድ ላይ አስጥቶ ፊቱ ተቀመጠና “ወላሂ፣ እዚህ ማንጎ የለም” አለ፣ ጥላው ሥር ሆኖ።

ዓርብ ረፋድ ዳበሳ ባንድ እጁ ላፕቶፑን፣ በሌላው ቀለሙን ይዞ መጣ። ዘጠና ዘጠኝ መዝግቧል፤ የቀረው የአስረሳሽ ነው። እሷ አግዳሚው መሐል ተደላድላ ተቀምጣለች።

“ተነሽልኝ አስረሳሽ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልላክሁ አለቀልኝ።”

“ቀለሙን ብቻ ነው? መጋዙንም ባመጣኸው!”

“የምን መጋዝ? ካርታ ላይ ላሰፍረው ነው እንጂ!”

“ቅድሚያ ካርታህን አሳየኝ ጋሽ ዳበሳ።”

አሳያት። በነጥብ የተሞላ ነው።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ማንጎ ቁጥር አርባ ሁለት።”

“እንዴ! የዐፊፋ ማንጎ አይደል?”

“ቁጥሩ ይበቃል።”

“ለማን ነው የሚበቃው? እኛን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ጭነው አምጥተው ‘አምባ አሥራ አራት’ አሉን። አባቴ ‘አገርህ የት ነው?’ ሲባል ቁጥር እንደ ጠራ ሞተ። የእኔን ማንጎ ቁጥር አትላትም! ካልኻት አልነሣም።”

ዳበሳ ቀለሙን መሬት አስቀመጠና “እሺ፤ ስማቸውን ንገሪኝ” አለ።

ነገረችው። የዐፊፋ ማንጎ። መብረቅ የመታው ማንጎ። ባልና ሚስት የታረቁበት ማንጎ። አህያ የሚታሰርበት ማንጎ። ደንበኛው ሁሉ ሻዩን ትቶ የየሰፈሩን ጠራ።

“አንቺ አስረሳሽ! የእኔን ማንጎ ለምን ዘለልሽው?” ብሎ ዓብዱልቃድር ተቆጣ።

ለስድስት ሩብ ሲቀር ዳበሳ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ላፕቶፑን ከራሱ በላይ አነሣ። አስረሳሽ እንዳይወድቅ እግሩን ያዘችለት።

“ስንት ደረሰ?”

“አርባ በመቶ!”

“አሁንስ?”

“አርባ!”

“ወደ ቅርንጫፉ ጠጋ በል እንጂ!”

ጠጋ አለ። ሰማንያ። ማንም ሻይ አልጠጣም። ከዚያ ዳበሳ ከላይ “ሄደ!” ብሎ ጮኸ፤ ጭብጨባው የአላፊ አግዳሚውን አህያ አስበረገገ።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አልፏል፤ መምህርቷ ከሁሉ የወደደችው ስሞቹን ነው። አስረሳሽ ለቤቱ ሁሉ ሻይ ጋበዘች። ብርጭቆ ልታጥብ ስትቀመጥ ግን የወሬው መጨረሻ ትዝ አላት፤ ያ በዚያው ይቀራል የተባለው። አግዳሚውን ያለ ዳበሳ ጫማ አሰበችው። ደስ አላላትም።

“ጋሽ ዳበሳ፣” አለች ፊቷን ሳታዞር፣ “ያ የሚባለው ነገር ሁሉ እውነት ነው? እስቲ በቁጥር ንገረኝ።”

ክቡር ተማሪ ዳበሳ አግዳሚው ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

“የሚቆረጥ ማንጎ፣ ዜሮ። የተከፈለኝ ዶላር፣ ዜሮ። ከዚህ የምርቀው፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ኪሎ ሜትር።”