ዕቃ ቤት የገባው ሃርድ ዲስክ

ሰው ሆዬ አንድ ነገር ካለው ይጠነቀቅለታል፤ ሦስት ካለው ግን ይንቀባረራል። እኔን ያየ ይማር። የወረዳችንን የመሬት መዝገብ የሚሸከሙ ሦስት ሰርቨሮች አሉኝ። "አሉኝ" ስል የመንግሥት ናቸው፤ አቧራቸውን የማራግፈው ግን እኔ ነኝ። ሦስቱ ተያይዘው እንደ አንድ ይሠራሉ፤ በአንዱ የተጻፈ ወዲያው በሁለቱም ይጻፋል። ባለሙያው ክላስተር ይለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው እያልኩ በላሊበላ ሰው ላይ ሁሉ ስደነፋ ከረምኩ።

ያልደነፋሁበት ነገር ቢኖር በአንዱ የተሰረዘም ወዲያው በሁለቱም እንደሚሰረዝ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባልደረባዬ የአንድ ገበሬ ስም አርማለሁ ብሎ የአንድ ቀበሌ መዝገብ በሙሉ ጠረገው። ሦስቱ ሰርቨሮች ቅንጣት ሳይከራከሩ ታዘዙት። እንዲህ ያለ ስምምነት በየትኛው ስብሰባችን ታይቶ ያውቃል?

ከጠፋው ውስጥ የእትዬ ዘነቡ ማሳ ይገኝበታል። እትዬ ዘነቡ ከብልባላ ወዲያ ማዶ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ አርሶባቸው ተካሰዋል፤ ዳኛውም ሐሙስ የመዝገቡን ግልባጭ ይዘው ይቅረቡ ብሏል። ግልባጩ ከሌለ ነገሩ መሬት ላራሹ ሆኖ ሊያርፈው ነው። ሊወስዱ ሲመጡ ፊታቸው ቆሜ ኮምፒውተሩ እየተጠገነ ነው አልኳቸው። አፈርኩ፤ ግን ዋሸሁ።

ባክአፕ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ነበረኝ፤ በአንድ ሃርድ ዲስክ የተገለበጠ ቅጂ። ደንቡ ቅጂውን ከመሥሪያ ቤቱ አርቀህ አስቀምጥ ስለሚል፣ እሳትም ሌባም የማይደፍረው ቦታ ሳፈላልግ ቆይቼ ባለፈው ወር አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አኑሬው ነበር።

ዕለቱኑ ገሰገስኩ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዙ ጠበል ጠዲቅ አቅምሰው፣ አረፍ በል ብለው፣ ሃርድ ዲስኩን ግን አልሰጥም አሉኝ። "ልጄ፣ ለታቦት የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?" ነው ያሉት። አባቴ፣ አደራ ነው እንጂ ስለት አይደለም ብዬ ብምል ብገዘት መዝገባቸውን ገለጡልኝ። ዕቃ ቤት የገባ ሁሉ፣ ጥላም ይሁን ምንጣፍ፣ ከነሰጪው ስም ይጻፋል፤ ለአደራ የተለየ መዝገብ የላቸውም። ሳስረክብ ውስጡ ምን አለ ብለውኝ ነበር፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ የወረዳው መሬት በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው ብያቸው ነበር። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። ባማረ የቁም ጽሕፈት ሰፍሯል፦ የወረዳው መሬት በሙሉ፣ ከነወሰኑ፣ ከእኔ ከኃጥኡ ለታቦቱ ተሰጠ።

ረቡዕ ሰበካ ጉባኤው ተቀመጠ። ግማሽ ቀን ከተከራከሩ በኋላ፣ መሬቱን ሳይሆን ዕቃውን በውሰት ፈቀዱልኝ። ሮጬ ሄጄ ሰካሁት። ተመስገን፣ ሠራ፤ የእትዬ ዘነቡ ማሳ ከነአራት ማዕዘኑ ተመለሰ፤ ሐሙስ ግልባጩን አቅርበው ረቱ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ምርቃት ስጠብቅ እትዬ ዘነቡ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ወሬ ለካ ከእኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

"ለመሆኑ የኔ ልጅ፣ አንተ ራስህ መሬት አለህ?" አሉኝ።

የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፣ አንድ ጥማድ እንኳ የለኝም አልኳቸው።

"ያስታውቃል" አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ፤ "ባለመሬትማ የሰው መሬት ይገፋል እንጂ አይለግስም።"