ባለቤት ያጣ ገብስ

[ከመካነ ሰላም ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ የገጠር ደብር። ሁዳዴ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ረፋድ ላይ። ከሚካኤል ቅጽር ውጭ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ከቆላ የተሰደዱ ረሃብተኞች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አሻግሬ አጥሚት ያማስላል። ጌታው አያ ክንፈ ወግዲ ለቅሶ ከርመው መመለሳቸው ነው። የሚካኤል ማኅበር መሪ ናቸው፤ ቄስ ሳይሆኑ መቋሚያ ይይዛሉ።]

ክንፈ፦ ቀምሰሃል። በዓይኔ አየሁህ።

አሻግሬ፦ ጨው እንዳይበዛ ብዬ ነው፣ አያ ክንፈ።

ክንፈ፦ በሁዳዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት?

አሻግሬ፦ መልሼ ተፋሁት።

ክንፈ፦ ምላስህንስ? እሱንም ተፋኸው?

አሻግሬ፦ [ምላሱን በጣቱ ነካ አድርጎ] አለ።

ክንፈ፦ እንግዲያ ጾምህ ፈርሷል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስጾም ምራቄን እንኳ አስቤበት ነው የምውጠው።

አሻግሬ፦ ለዚህ ነዋ። እኛ ስንጾም እንከሳለን፤ አንቱን ግን ያፋፋዎታል።

ክንፈ፦ ጸጋ ነው። ክርስትና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለመሆኑ አንተ በምንህ ነው ክርስቲያን?

አሻግሬ፦ [ያስባል] በአርባ ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ።

ክንፈ፦ ከዚያስ?

አሻግሬ፦ ከዚያማ ተቀመጥሁ።

ክንፈ፦ ይኸውልህ። ሰው ራሱን መመርመር አለበት። እኔ ጧት ጧት ራሴን እመረምራለሁ።

አሻግሬ፦ ምን አገኙ?

ክንፈ፦ ምንም።

አሻግሬ፦ ሠላሳ ዓመት ፈልገው ምንም? ቦታውን ቀይረው ቢፈልጉስ?

ክንፈ፦ [ሰምተው እንዳልሰሙ፣ ወደ አንዲት ሴት በመቋሚያቸው እያመለከቱ] ያቺ ማን ናት? ማተብ አላየሁባትም።

አሻግሬ፦ ዘይነባ ትባላለች። አራት ቀን በእግሯ ተጉዛ ነው የደረሰች። ልጇን መንገድ ላይ ቀብራለች።

ክንፈ፦ እስላም ናት?

አሻግሬ፦ አልጠየቅኋትም። ጣሳውን ስሰጣት «ቢስሚላሂ» አለች።

ክንፈ፦ ናታ። በሚካኤል ደጅ ላይ?

አሻግሬ፦ ሚካኤልን አስፈቅጄ ነበር፤ ዝም አለኝ። እሺ ማለቱ ነው ብዬ ቀዳሁላት።

ክንፈ፦ ለራሳችን ሰው መቼ በቃና ነው። ደግሞስ ይህን ሁሉ ገብስ ከየት አመጣኸው?

አሻግሬ፦ ከጉድጓድ። ከበረቱ ኋላ።

ክንፈ፦ ከማን በረት?

አሻግሬ፦ ከአንቱ።

ክንፈ፦ [መቋሚያው ከእጃቸው ይወድቃል] ወግዲ ሬዲዮው ሠራዊቱ አደመ ሲል ሰምቼ መጣሁ፤ ለካ እቤቴም ታድሟል። ገብሴን ነው የበተንኸው?

አሻግሬ፦ የአንቱማ አይደለም።

ክንፈ፦ በገዛ እጄ የደፈንሁት ጉድጓድ ነው የምልህ።

አሻግሬ፦ እንዴት ተደርጎ? በቅበላው እሑድ ቄስ መለሰ «እህል ያለው ያካፍል» ሲሉ፣ አንቱ መስቀል ስመው በሚካኤል ስም ማሉ። «በደጄ አንዲት ቁና የለችም» አሉ። አጠገብዎ ቆሜ ነበር። በማግስቱ ጉድጓዱን ሳገኘው የማን ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። የአንቱ እንዳይደለ ግን አልተጠራጠርሁም። ለምራቁ የሚጠነቀቅ ሰው በመስቀል አይዋሽም።

ክንፈ፦ [ግንባራቸውን ይጠርጋሉ] እና... የማን ነው ተባለ?

አሻግሬ፦ ለቄስ መለሰ ነገርኋቸው። ባለቤት ከጠፋ የሚካኤል ነው አሉ። የእኔ ነው የሚል ካለ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገር ብለዋል። ልጥራልዎ?

ክንፈ፦ ተው፣ ተው። ሰውየው በጾም ደክመዋል። [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] አንዱን ብቻ ነው የከፈትኸው?

አሻግሬ፦ አንዱን ብቻ። ምነው፣ ሌላም አለ?

[ዘይነባ ባዶ ጣሳዋን ይዛ ቀስ ብላ ትመጣለች፤ እጅ ትነሣቸዋለች።]

ዘይነባ፦ የገብሱ ባለቤት አንቱ ነዎት አሉኝ፣ አባባ። አላህ ልጆችዎን ያቆይልዎ። የአንዱንም ሞት አያሳይዎ።

[ትመለሳለች። ክንፈ ወደ አሻግሬ ይዞራሉ፤ አሻግሬ ድስቱ ውስጥ የጠፋው ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ ያማስላል።]

ክንፈ፦ [ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው] የራሷን ቀብራ የእኔን ልጆች ትመርቃለች?

አሻግሬ፦ ሌላ የምትሰጠው ምን አላት?

ክንፈ፦ [ወደ ዘይነባ እያዩ] ከገለባው ክምር ሥር ነው።

አሻግሬ፦ ምኑ?

ክንፈ፦ ሁለተኛው ጉድጓድ። ከፊተኛው ይሰፋል። የእኔ ነው፤ ፊተኛውም የእኔ ነበር። በሐሰት ነው የማልሁት። አውጣና ስጣቸው።

አሻግሬ፦ አውቃለሁ።

ክንፈ፦ ምኑን?

አሻግሬ፦ ሁሉንም። የፊተኛው ካለቀ ሦስት ቀን ሆነው። እነሱ አሁን የጠጡት ከገለባው ሥር የወጣውን ነው።

ክንፈ፦ ታዲያ አንዱን ብቻ ያልኸኝ?

አሻግሬ፦ ዋሸሁ። ስሰርቅ ነው የከረምሁት፣ አያ ክንፈ። በራስዎ አፍ ስጥ እስኪሉኝ ሌብነት ነበር፤ አሁን ገና ምጽዋት ሆነ።

ክንፈ፦ [መቋሚያቸውን ሳያነሡ ይነሣሉ] ቄስ መለሰ ዘንድ እንሂድ። ንስሐ ልግባ።

አሻግሬ፦ እኔም አለብኝ። ግን እኔ ልቅደም፤ የአንቱ ይረዝማል።