ኮምፒውተር የሚያናዝዘው ሕዝቅያስ

ሕዝቅያስን ያገኘሁት ቴፒ መናኸሪያ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ የጌጫ መኪና፣ እሱ የሚዛን ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ጥግ ተጠልለናል። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎታል።

"ደህና ነህ ወይ?" አልኩት።

"ሳላጣራ ምን ብዬ ልመልስልዎ፣ ጋሼ?"

እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ኮምፒውተር እምቢ ሲል ሌላው ሰው በጥፊ ይለዋል፣ አጥፍቶ ያበራዋል፣ ካልሆነም ይጸልይለታል። ክቡር መርማሪ ሕዝቅያስ ግን ወንበር ስቦ ያናዝዘዋል። "አትንኩት! መጀመሪያ እሱ ይናገር!" ይልና ሎጉን ይከፍታል። ሎግ ማለት ማሽኑ ሲበራ፣ ሲጠፋ፣ ሲታመም ራሱ በራሱ የሚመዘግበው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ምሳ የለም፤ ለእሱ ብቻ አይደለም፣ ለቢሮው ሁሉ።

አንድ እሑድ ሚዛን ላይ፣ የሚጸልይበት ቸርች ኮምፒውተር በስብከት መሃል ማንም ሳይነካው መዝሙር ለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ክፉ መንፈስ ሲገሥጹ ሕዝቅያስ እጁን አወጣ። "ፓስተር፣ አንዴ ይቆዩኝ፣ ሎጉን ልየው።" አየው። የመዘምራኑ መሪ ሲላስ ለልምምድ ብሎ በዚያ ሰዓት እንዲከፈት አዝዞት ኖሯል፤ ትእዛዙን ማንሣት ረስቷል። ሌላ ሰው ቢሆን በጆሮው ሹክ ይለው ነበር። የኛ መርማሪ ግን ለጉባኤው በሙሉ "መንፈስ አይደለም፤ ሲላስ ነው!" ብሎ አወጀ። ሲላስ ከርሞ ነው ወደ መዘምራኑ የተመለሰው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት በየነችማ የገዛ ልጇን ጥፋት ደንበኛ ፊት ሲዘከዝክባት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጠግን አልኩህ እንጂ ፍረድ አልኩህ?" ብላ አባራዋለች። በነጋታው ራሷ ደውላ ጠራችው። ሌላ ማን አለና?

"ዛሬስ ከየት ነው?" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

እዚያው ቴፒ ካለ አንድ የቡና መጋዘን ነበር የመጣው። ገበሬው ያመጣው ቡና ሲመዘን በኮምፒውተር የምትመዘግብ ንጋቷ የምትባል ልጅ አለች። ሰሞኑን ማሽኑ በሥራ መሃል ድርግም ይላል፤ የተመዘገበው ይጠፋል፤ ገበሬው "ኪሎዬ የት ገባ?" ብሎ ይጮኻል። ሥራ አስኪያጁ እንድርያስ ነገሩን በአንድ ቃል ቋጨው፦ "ሆን ብላ እያጠፋችው ነው።" ልጅቷ ሁለት ወንድሞቿን የምታስተምረው በዚያች ሥራ ነው። "ወንድሜ፣ ሎጉ ካልመሰከረልኝ አለቀልኝ" ብላ ለሕዝቅያስ ደወለችለት።

መሰከረላት። ሰው ቢያጠፋው ኖሮ በማን ስም እንደጠፋ ይመዘገብ ነበር። ሎጉ ላይ ያለው ግን ሙቀቱ ከልክ ስላለፈ ማሽኑ ራሱን ማጥፋቱ ነው። ንጋቷ "ጌታ ይባርክህ!" እያለች አለቀሰች።

እኔና እናንተ ብንሆን እዚያ ላይ ተሰናብተን እንወጣ ነበር። እሱ ግን "ለምን ሞቀ?" አለና ከጠረጴዛው ሥር ገባ። በመከር ጊዜ ከቡና መፈልፈያው የሚነሣው የገለባ ብናኝ ዓይን አያስገልጥም። ንጋቷ ታዲያ ለማሽኑ አዝና፣ የቡና ጆንያ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ ጠቅልላ አልብሳው፣ በሲባጎ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ማብሪያው ብቻ ነው የሚታየው። ትንፋሽ የሚያወጣበት ሁሉ ተደፍኗል።

ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ፣ ሥራ አስኪያጁ በቆመበት፣ "ንጋቷ፣ ያፈንሽው አንቺ ነሽ!" አለ።

"ይኸው!" አለ እንድርያስ። "የራስህ ምርመራ ነው። አንቺ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።"

"ከብናኝ ልታድነው ብላ እኮ ነው!"

"እሱም ሎጉ ላይ አለ?"

ሕዝቅያስ ይህን ሲነግረኝ ዝናቡን እያየ ነበር። "የለም፣ ጋሼ" አለኝ። "ለምን እንዳደረገችው የሚል የለም።"

"ምናለ 'ሙቀት ነው' ብለህ ዝም ብትል?"

"ላስቲኩ ካልተፈታ ነገም ይጠፋል። ያኔም እሷኑ ነው የሚሏት።"

ምን ይባላል? በዚህ ሰው ስንት ቀን ስቄበታለሁ። የኔ ላፕቶፕ በታመመ ቁጥር ግን ለሌላ ሰው አላሳይም፤ እሱ እስኪመጣ ተዘግቶ ይቀመጣል። የሚዋሸኝ ጠጋኝ ሞልቷል፤ የማይዋሸኝ ግን ሁለተኛ አላውቅም።

"ሚዛን ምን ልትሠራ ነው ታዲያ?"

"የመጋዘኑ ባለቤት እዚያ ናቸው። ሄጄ ንጋቷን እንዲመልሷት ላነጋግራቸው ነው።"

ረዳቱ ተጣራ። ሕዝቅያስ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና መስታወቱን ከፈት አደረገ። ላፕቶፑ አሁንም ደረቱ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከሰው ጋር ሲያወሩ ነው የኖሩት" አለኝ፤ መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል። "ሰው ሲለመን ከየት ነው የሚጀመረው?"