የመምህር ይርሳው ስመ ጥር ያልሆነ ሰዓት

በየከተማው፣ ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉት ሰዓቱን ትቶ የሰዓቱን ሠሪ የሚነግር አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ብዙ ሳይኖሯት አይቀርም። አሰላ ያለን አንድ ነው፤ ይበቃናል።

መምህር ይርሳው ይባላል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጣ፤ ፊዚክስ ያስተምራል። እኛ ባልደረቦቹ “የአርሲና የአካባቢዋ የሰዓት ሊቀ ሊቃውንት” የሚል ማዕረግ ሰጠነው። ቀልድ መሆኑ እስከ ዛሬ አልገባውም።

የክቡርነታቸው ትምህርት አጭር ነው። ታላላቆቹ የስዊዝ ሰዓቶች የሚሸጡት ስም ነው፤ ሰዓት የሚሸጡት ማንም የማያውቃቸው ትንንሾቹ ሠሪዎች ናቸው። “የምትከፍለው ለስሙ ነው፤ ሰዓቱን ይመርቁልሃል” ይላል። ለቅሶ ቤት ብሎታል። የወላጆች ስብሰባ ላይ ብሎታል። አንድ ጊዜ የደም ግፊት ሊለካ ሄዶ፣ በሐኪሙ ክንድ ላይ ስመ ጥር ሰዓት ስላየ ሐኪሙን ሃያ ደቂቃ መከረው። ሲጨርስ ግፊቱ የጨመረው የሐኪሙ ነበር።

አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ሳያውቅ ሰዓት ጠየቀው። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በሰዓቱ ሆድ ውስጥ ስላሉት የመዘውር ጥርሶች ሰማ። ስንት ሰዓት እንደሆነ የነገረው የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው።

የራሱን ሰዓት ለመግዛት ሦስት ዓመት ቆጠበ። የሚሠሩት አንድ ወንድምና እህት ናቸው፤ ባሕር ማዶ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በዓመት አርባ ብቻ። አገራቸውንም ነግሮናል፤ ከመቶኛው ጊዜ በኋላ ግን መስማት ትተን ነበር። በመጀመሪያ የጻፈው ለአንድ ታላቅ ኩባንያ ነው፦ “እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ትሠሩልኛላችሁ?” መልስ የለም። ያንኑ ደብዳቤ ለወንድምና እህቱ ላከ። እህትየዋ በአራተኛው ቀን “በደስታ” አለችው።

ሰዓቱ መጣ። አሥራ ሁለት ቁጥር መሆን ባለበት፣ ከላይ፣ ስድስት ተጽፏል። አሥራ ሁለት ከታች ወርዷል። ፈረንጅ ዘጠኝ በሚልበት ቦታ ሦስት አለ። ይርሳው መምህራን ማረፊያ ክፍል ይዞት ገባና እንደ ታቦት አዞረው። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ፈይሩዛ አገላብጣ አየችው።

“ያ ረቢ! መምህር፣ እኛ እኮ በሀበሻ ሞልተን ነው የምናስረው። ይቺን መሙያዋን ማዞር ብቻ ነው።”

ይርሳው ሰዓቱን ተቀብሎ በእጅጌው ጫፍ ወለወለው።

“ተዘቅዝቆ ለመምጣት ነው ሦስት ዓመት የፈጀው?” አለችው ጨምራ።

ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን፣ ሻይ በምንጠጣበት ሰዓት፣ ብድግ ብሎ “የእናንተ ሰዓት ሀበሻ የሆነው ተገዶ ነው፤ የእኔ ወዶ ነው” አለና ተቀመጠ።

ባለፈው ዓመት ናቲ ሽማግሌ ሁኑኝ አለን። ናቲ የትምህርት ቤታችን ወጣት የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ሀሴት የምትባል ፋርማሲስት ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ችግሩ አባትየው ነው። አቶ እንደሻው የኢተያ ስንዴ ነጋዴ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች ዘገያችሁ ብለው ከበር መልሰዋቸዋል። “ሰዓት የማያከብር ልጄን አያከብርም” ብለው የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡ፦ እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት። አንዲት ደቂቃ ካለፈች ነገሩ አበቃ።

የተመረጥነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ከብቅል ፋብሪካ ጡረታ የወጣው ግዛቸው፣ እና ይርሳው። ናቲ ይርሳውን ለብቻው ያዘው።

“ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እዚያ ቤት ስለ ሰዓት አያንሱ።”

“እኔ ምን በወጣኝ!” አለ ይርሳው፤ ተቀየመ።

እሑድ የኢተያውን በር አንኳኳን። አቶ እንደሻው ራሳቸው ከፈቱና ከሰላምታ በፊት ክንዳቸውን አወጡ። ወርቅማ የስዊዝ ሰዓት ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ ስሙን ሕፃንም ያውቀዋል።

“ሦስት ሰዓት ከሃያ!” አሉ። “አላልኩም?”

የይርሳውን ክንድ አየሁ። ለሦስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ስልኬን ከኪሴ ገለጥ አደረግሁ፤ እሱም ለሦስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ግዛቸውም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ይርሳው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቅጽበት ይቺ ነበረች። ታላቅ ስም፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ ስህተት፣ በሕያው ሰው ክንድ ላይ፣ ከነምስክሩ። ከሰውየው ኋላ ሚስታቸውና ጎረቤቶች ቆመዋል። ሀሴት በመስኮቱ መጋረጃ ውስጥ ታያለች። አባትየው በገዛ በራቸው ላይ ካፈሩ፣ ናቲ ሚስት የለውም።

ይርሳው አፉን ከፈተ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

“ጋሽ እንደሻው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ። “ሰዓቴ ዘግይቶብኝ ነው። ይቅር ይበሉን።”

የግዛቸው እጅ ኪሱ ውስጥ ቀረ። አቶ እንደሻው የይርሳውን ክንድ ይዘው አፈጠጡበት።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ተገልብጧል እኮ!”

“አዎ።”

“የማን ሥራ ነው?”

“ስም የላቸውም። ትንንሽ ሰዎች ናቸው።”

“እንዲህ ያለውን አስረው ነው በጊዜ ሊደርሱ ያሰቡት?”

ሰውየው ሳቁ። የበሩን መቃን እስኪደገፉ ሳቁ። ሚስታቸውን ወደ ፊት ስበው አሳዩ። ከዚያ ስለ ስዊዝ ሰዓት ሩብ ሰዓት ሙሉ አስተማሩት፤ ይርሳው “እውነት ነው”፣ “ልክ ነው” እያለ አዳመጠ። ያን ያህል የሳቀ ሰው ደግሞ በር አይዘጋም።

“ግቡ” አሉ በመጨረሻ፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ። “ሰዓቱ ነው እንጂ ሰውየውስ ጨዋ ነው።”

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ ተፈቀደች።

ወደ አሰላ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ ይርሳው መስኮት ሥር ተቀመጠ። እጅጌውን ሰዓቱ ላይ ጎትቶታል።

“አንተ፣ እውነት ዘግይቶብህ ነበር?” አለው ግዛቸው፣ መልሱን እያወቀ።

“ልጁ አገኘ አይደል?” አለና ፊቱን ውጭ ወዳለው የስንዴ ማሳ አዞረ።

አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቃል አልወጣውም። ይህን ሰው ስሸሽ፣ መንገድ ስሻገርበት፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ስሆንበት የኖርሁ ነኝ። ዝምታውን ግን አልቻልሁትም።

“ይርሳው፣ እነዚያ ወንድምና እህት... ጥርሶቹን በእጅ ነው የሚሞርዱት ያልኸኝ?”

ቀስ ብሎ ዞረ። እያሾፍሁ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን መረመረ።

“በእጅ!” አለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

መናኸሪያ ደርሰን ወርደንም አላበቃም። ግዛቸው ምሳው እየቀዘቀዘበት ተጨማሪ ጥያቄ አቀረበ። ናቲ ዜናውን ከሀሴት በስልክ ሰምቶ እየሮጠ መጣና የይርሳውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ትከሻውን ይዤ አስቆምሁት።

“ቆይ አንተ ልጅ” አልሁት፣ “ገና ሁለተኛው ጥርስ ላይ ነን።”