ዝም ማለት የተማርኩ ሰሞን

በዚህ አገር ጤነኛ ሰው ማሳበድ ከፈለጋችሁ ብዙ አትድከሙ፤ ስልጠና ላኩት። ካላመናችሁ እኔን እዩኝ… ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኞችን የማክም ነርስ ነኝ። «እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ» እያልኩ ዓመታት በሰላም ሠርቼ፣ በቀደም «የላቀ የሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ ስልጠና» ተባለና፣ በንግግር ማከም ነው አሉ፣ ደሴ ወጣሁ።

አሠልጣኛችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ምሳ ሲበሉ እንኳ ስካርፋቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። ወሬ አያልቅባቸውም። ቀኑን ሙሉ ያለ እረፍት ያወሩልን ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ዝምታ።

«ቴራፒስት ባዶ ግድግዳ ነው። የቤተሰብ ወሬ አይጠይቅም። ሶፍት አጠገባቸው ያስቀምጣል እንጂ አያቀብልም። ሲጠይቁት መልሶ ይጠይቃል። ከዚያ ዝም! ታካሚው በዝምታው ውስጥ ራሱን ያገኛል።»

እኛም በነፃው ምሳ ጠግበን «ልክ ነው» አልን። ምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ሐይቅ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ቀድመው የገቡት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚመጡ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሰይድ ባሕር አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት ከወጣ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ እንቅልፍ አጥተዋል። ወትሮ ገና ከበሩ ሲገቡ «ሰይድ ደወለ?» እላቸዋለሁ። «አልደወለም፤ አላህ ያውቃል» ይሉና ትንሽ አልቅሰው፣ ትንሽ አውርተው፣ ኪኒናቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ያን ቀን ግን ልቄያለሁ። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። ስልኬን አጠፋሁ። ሶፍቱን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግሁና አንገቴን ሰበር አድርጌ ዝም።

አያችሁልኝ? በጠዋት በር ዘግቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ፊታችሁ የሚቀመጥ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። መርዶ ነው! የረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምስክር ወረቀት አለኛ።

«ዶክተር፣ ምነው ዛሬ ሰይድን አልጠየቅኸኝም?» አሉ ቀስ ብለው።

ዝም።

«የሰማኸው ነገር አለ?»

«የሰማሁት ያለ ለምን መሰለዎት?»

«በአላህ ንገረኝ… ልጄ ሞቷል?»

ምን ብል ጥሩ ነው? «ይህ ሐሳብ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

እሪ አሉ። ልጅ ሊያስከትቡ የተሰለፉት እናቶች ተቀበሏቸው። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱን መታ። አንዱ ባለባጃጅ ለቅሬው፣ ለእድሩ ማለቴ ነው፣ ሊናገር በረረ፤ መቼም እኛ ጋ ቅሬ ለለቅሶ ሲጠራ አይዘገይም። እኔ መሐላቸው ገብቼ «አልሞተም! አልሞተም!» ብል ማን ሰምቶኝ። አንዲት እናት እንዲያውም ትከሻዬን ደባብሰው «አብሽር ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው» ብለው አጽናኑኝ።

በመጨረሻ እኔ ማተብ ያሰርኩ ሰውዬ «ወላሂ ምንም አልሰማሁም» ብዬ ስምል ነው ግቢው ጸጥ ያለው።

እትዬ ዘሀራ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው አዩኝ። «ታዲያ ምን ሆነህ ዝም አልህ?»

«ተምሬ ነው።»

«ዝም ማለት?»

«አዎ።»

«የኛ አህያ ሳትማር ዝም ትላለች» አሉና ኪኒናቸውን እንኳ ሳይወስዱ ወጡ። አፈርኩ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ እኚያ እናት በየቀኑ የሚፈሩትን መርዶ ደመወዝ እየተከፈለኝ ማርዳቴ ነው። ሰይድ እንደሆነ እስካሁን አልደወለም።

በሳምንቱ የደወሉት አሠልጣኙ ናቸው፤ ስልጠናውን እንዴት እንደተገበርኩት ሊጠይቁ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ድንቅ ነው! የታፈነ ሐዘናቸውን እኮ ነው ያወጣህላቸው! በሚቀጥለው ዙር ለሠልጣኞች ታቀርበዋለህ!»

ተናደድኩ። ቃል አልወጣኝም።

«ሄሎ?… ሄሎ? ምነው ዝም አልክ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ይህ ሐሳብ» አልኳቸው፣ «ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»