ጋሽ ፋን እና ያልበሰለው ውሃ

ፎቅ በተባለ ሁሉ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አውሎ ነፋስ እንኳ ወቅት አለው፤ ከመምጣቱ በፊትም በሬዲዮ ይነገራል። ይሄ ሰው ግን ክረምት ከበጋ ይመጣል፣ ደወል ይደውላል፣ "ምንድነው እሱ የያዝከው?" ይላል። ኪሉንግ ወደብ አጠገብ ላለው ለእኛ ፎቅ የደረሱን ክቡር ጋሽ ፋን ናቸው።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንብበው ጡረታ ወጥተዋል። ሥራቸው ሰው ቤት ገብቶ ቁጥር ጽፎ መውጣት ነበር። ቁጥር መጻፉን ትተውታል፤ ሰው ቤት መግባቱን ግን አልተዉትም። ከዚያ በተረፈ አሳ ያረባሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ይህንን የማያውቅ ሰው ካለ ደረጃችንን ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ጣጣው የመጣው ባለቤቴ ቹንዪን ወገቧን ቀዶ ጥገና ስታደርግ ነው። ሐኪሙ ሁለት ወር ተኚ አላት። የመኝታ ቤታችን መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳና ዝናብ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ መተው ጀመረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

"ምን ላምጣልሽ?" አልኳት።

"የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት እፈልጋለሁ። አንተን ሳይሆን።"

የመስታወት ገንዳ፣ ማጣሪያ፣ መብራት፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክልና አንድ ከረጢት አፈር ገዛሁ፤ አልጋዋ ፊት ላቆመው ነው። ደረጃው ላይ ጋሽ ፋን ጠበቁኝ። የቤታቸውን ነጠላ ጫማ ይዘው ተከተሉኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጫማ የእኛ በር ላይ ቀረ።

አፈሩን እንደ ሩዝ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እኛ ቤት ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ለካ ፍሬ ፍሬ ሆኖ የተጋገረ አፈር ኖሮ ጭቃ ሆነ።

"አጠብከው?" አሉ ጋሽ ፋን፣ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው። "አፈር አጠብክ?"

"ሩዝስ ይታጠብ የለ?"

"እንግዲያው ብላዋ!"

ቹንዪን ትሰማለች። ደሜ ፈላ። ሌላ ከረጢት ገዛሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ አጎንብሼ ተክሉን ተከልኩ። ክቡርነታቸው ወረንጦ ከኪሳቸው አውጥተው እያንዳንዱን ነቅለው እንደገና ተከሉት። "ሽንኩርት መሰለህ እንዴ?" አሉኝ። በገዛ ቤቴ! ውሃ ሞላሁና "አሁን አሳውን ልግዛ" ስል ያቺን ቃላቸውን አመጧት።

"ውሃው አልበሰለም!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሳ ቆሻሻ ለአሳ መርዝ ነው፤ ያንን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ደግሞ የማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ እስኪበዙ ድረስ አንድ ወር ይፈጃል። አንድ ወር!

"ጋሽ ፋን፣ ሚስቴ ተኝታለች እኮ።"

"ውሃ የሚስትህን ወገብ አያውቅም።"

በየቀኑ ይመጣሉ። ውሃውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው የመመርመሪያ ጠብታ ይጨምሩበታል፣ ቀለሙን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን አልፈው ለእሷ ሪፖርት ያደርጋሉ፦ "ልጄ፣ ዛሬም መርዝ ነው።" ለታመመ ሰው የሚነገር ወሬ ነው? ማታ የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ፌስታሉን ይዞ በተሰለፈበት፣ ለሁሉም ያውጃሉ፦ "የዚህ ሰውዬ ውሃ አልበሰለም!" ሰው አጎንብሶ ይስቃል። ተክሉ ቅጠሉን አረገፈ፤ ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቹንዪን "በቃ፣ ተወው። መብራቱን አጥፋልኝ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ይሄኔ ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። አሥር አሳ ይዤ ተመለስኩ፤ እንደ ጣት ጫፍ ያሉ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያላቸው። ቹንዪን ሳቀች። ከወር በኋላ ሳቀች! ሾርባዋን ጨረሰች። ደወሉ ሲጮህ አልከፈትኩም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰባቱን ተንሳፍፈው አገኘናቸው። አገኘናቸው እላለሁ እንጂ ከእኔ በፊት ያየችው እሷ ናት። ወደ ግድግዳው ዞረች።

ራሴን ጠላሁት። ጋሽ ፋንን ግን ከራሴ አብልጬ ጠላሁ። ሰው ሲሳሳት ይቅር ይሉታል፤ ልክ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ሬሳዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቆሻሻው መሃል ደበቅኋቸው። መቼም የዕድሌ ነገር፣ መኪናው ኋላ ካለው የምግብ ትራፊ ባልዲ ጋ ቆመው የሰውን ፌስታል የሚፈትሹት እሳቸው ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። ጋዜጣውን ፈቱት።

"ሰባት" አሉ። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ..."

"መከራ ይምከረኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ደስ ይበልዎት! ሚስቴ ግድግዳ እያየች ልትሞትብኝ ነው፣ እርስዎ ጠብታ ይቁጠሩ! ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ!"

የመኪናው ሙዚቃ ብቻ ቀረ። ጋሽ ፋን ጋዜጣውን መልሰው አጠፉት። ሰባቱን ባልዲው ውስጥ ቀስ አድርገው ጨመሩ። አፋቸውን ዘግተው ሲሄዱ ያን ቀን ገና አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ጮኸ። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው የሚንጠባጠብ፣ የሚሸት፣ ቡና ዓይነት ቀለም ያለው ማጣሪያ ይዘው ቆመዋል። ሳይፈቀድላቸው ገቡ። ግማሹን ውሃ ቀየሩ፣ የእኔን ማጣሪያ ነቅለው የራሳቸውን ገጠሙ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበሰለ ነው" አሉ ለቹንዪን ጀርባ። "ሦስቱ ይተርፋሉ፣ ልጄ። ተክሉም ያቆጠቁጣል።" እኔን አላዩኝም። ባልዲውን ትተው ወጡ።

ለሦስት ቀን አልመጡም። ነጠላ ጫማቸው በር ላይ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። በአራተኛው ቀን ባልዲያቸውን ልመልስ ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ክቡርነታቸው ትልቁ ገንዳቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውሃውን በጭልፋ ይቀዳሉ፣ መልሰው ያፈሳሉ። ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ማጣሪያቸው እኛ ጋ ስለሆነ አሳዎቹ አየር እንዳያጥራቸው ነው።

"ጋሽ ፋን! ምን ሆነዋል? ስፖንጁን ግማሽ ቢሰጡን ምን ነበረበት?"

"ግማሽ ስፖንጅ ለግማሽ አሳ ነው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ጭልፋውን ከእጃቸው ወሰድኩ። እምቢ አላሉም።

"ወደ ገንዳው ዞረች?" አሉ።

"ዞረች። ትናንት ሩዝ በላች። ለአንዷ አሳ ስም አውጥታላታለች።"

ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔም አሁን ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"ከፍ አድርገህ አፍስስ እንጂ!" አሉ። "ውሃ ማፍሰስም አታውቅም?"

በጣም ተናደድኩ። ከፍ አድርጌ አፈሰስኩ።